እመቤት ሞራዮ ሰማያዊውን ኩለር ከኮፎ ቤት ያስመለሱበት ዘመቻ

ትራንስፎርመሩ በተቃጠለ በሁለተኛው ዓመት፣ የቧንቧ ውኃ ሰፈራችንን በከዳ በአራተኛው፣ አቶ ላዲፖን አግብተው ቤታቸውን ማስተዳደር በጀመሩ በሠላሳ አንደኛው ዘመናቸው፣ ማንጎ ከዛፉ እየወደቀ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚደበድብበት ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ እመቤት ሞራዮ፣ የአቤኦኩታዋ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ የመዘምራኑ የቀጭን ድምፅ መሪ፣ በዓይናቸው ብቻ የሚገሥጹ፣ ሰማያዊውን ኩለራቸውን ለማስመለስ ከቤታቸው ተነሡ። በዚያም ቀን የሆነውን ሁሉ፣ በግቢያቸው የኋላ ክፍል የምኖረው እኔ አዴያንጁ፣ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጻፍ ነገር ያጣሁት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ ጻፍሁ።

ስለ ኩለሩ አስቀድሞ መናገር ይገባል። አካሉ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ነጭ፣ እጀታው ሁለት ነው፤ ለስልሳ ሰው የሚበቃ፣ በቲማቲም የተሠራ ጆሎፍ ሩዝ ከጠዋት እስከ ማታ ትኩስ አድርጎ ያቆያል። ለእመቤት ሞራዮ ሲዳሩ የሰጧቸው እናታቸው ነበሩ፤ እናቲቱም ዕቃ በድግስ ቤት እንደሚጠፋ ያውቁ ነበርና ከታቹ በቀይ የጥፍር ቀለም «ሞራዮ» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈውበታል። እናቲቱ ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ከእጅ ጽሑፋቸው በምድር የቀረው ይኸው አንድ ቃል ነው።

ከዚህ ዘመቻ ስምንት ወር አስቀድሞ ጎረቤታቸው ኮፎ የልጅ ልጇን ስም ለማውጣት ድግስ ደገሰች። ኮፎ በኢቶኩ ገበያ አዲሬ የሚባለውን በሰማያዊ የተነከረ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በመዘምራኑም ውስጥ ከእመቤት ሞራዮ ጎን ቆማ ሃያ ዓመት ዘምራለች። በዕድሜዋም በባልንጀርነቷም አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃውን እስክትመልስ ድረስ በዚህ መዝገብ አንቱ እንዳትባል ወስኛለሁ። በዚያ ቀን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «የሲሚዴሌ እናት፣ እባክሽ ያንን ኩለርሽን ለዛሬ ብቻ! ነገ ጠዋት ገና ሳትነሺ በርሽ ላይ ታገኚዋለሽ» አለች። እመቤት ሞራዮም ሰጧት። ነገ ጠዋት መጣ፤ ኩለሩ ግን አልመጣም።

የእመቤት ሞራዮን ሕግ የማያውቅ ሰው ታዲያ ለምን አልጠየቋትም ይል ይሆናል። በእመቤት ሞራዮ ቤት መጠየቅ ነውር ነው። ልጆቻቸው፣ የሃያ ስድስት ዓመቷ ሲሚዴሌና ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ኢረቲ፣ ጡት ከጣሉበት ቀን ጀምሮ በሰው ቤት ምንም እንዳይጠይቁ፣ ቢሰጣቸውም እንዳይቀበሉ ሆነው አድገዋል። ለዚህም ጉዳይ እናታቸው ቃል አያባክኑም። ቅንድባቸው በትንሹ ከፍ ካለ «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በዪ» ማለት ነው። ዓይናቸው ከጠበበ «ተነሺ፣ እንሂድ» ማለት ነው። ዓይናቸው ልጂቱን ጭራሽ ማየት ትቶ በግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ከጀመረ ግን «ቤት እንገናኝ» ማለት ነው፤ ከዚህም በኋላ ስላለው ነገር ሲሚዴሌን ብጠይቃት ልትነግረኝ አልፈቀደችም።

እንግዲህ መጠየቅ ስለማይቻል ሦስት ጊዜ በዘዴ ተሞከረ። በመጀመሪያው ወር እመቤት ሞራዮ «ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው» ብለው ኮፎ ቤት ሄዱ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መዘምራኑ አዲስ ካባ ሲያወሩ ቆይተው የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ተመለሱ። በሦስተኛው ወር አቶ ላዲፖን ላኩ፤ ነገር ግን በኮፎ ቤት የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ጠፍቶ ድምፁን መቀነስ አልተቻለም ነበርና፣ ኳስ ጨዋታውም ጄኔሬተሩም አብረው ይጮኹ ነበርና፣ አቶ ላዲፖ ሁለቱን አጋማሽ አይተው፣ በዳኛው ተናድደው፣ ሊሉ የመጡትን ረስተው ወጡ። በስድስተኛው ወር እመቤት ሞራዮ በልምምድ መካከል ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ «እኔስ ኩለር የሌለው ቤት ምን ቤት ይባላል እላለሁ!» አሉ። ኮፎም ከልቧ «እውነትሽን እኮ ነው» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከቀጭን ድምፅ ረድፍ ወጥታ ከወፍራም ድምፅ ረድፍ ኋላ ቆማ ታየች፤ የመዘምራኑ አለቃም ድምፅዋ በስልሳ ዓመቷ እንዴት በአንድ ሳምንት እንደወፈረ መረዳት አልቻለም።

ከዚህም በኋላ ነገሩ ጠና። ሲሚዴሌን የሚያጫት ወጣት ቤተሰቦች ከኢጄቡ ኦዴ ለትውውቅ ቅዳሜ እንደሚመጡ መልእክት ላኩ፤ ስልሳ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም ፊት የወጣቱ እናት ወይዘሮ ኤኩንዳዮ አሉ፤ እሳቸውም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩ፣ ሁለት ጊዜ የቀረበላቸውን የሰርግ ቀን ሁለት ጊዜ የሰረዙ፣ ሰርጉ በእኛ ከተማ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ባልኩት ቀን ካልሆነ ብለው ስልኩን የዘጉ ናቸው። እኚህ ሴት በአንድ የዘመድ ድግስ ላይ ቀዝቃዛ ሩዝ ቀርቦላቸው፣ ነገሩን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያወሩት እንደኖሩ በሁለቱም ከተሞች የታወቀ ነው። የሲሚዴሌ ዕድል በአንድ ሳህን ሩዝ ሙቀት ላይ ተንጠለጠለ። ሌላ ኩለር መፈለግ ይቻል ነበር፤ ሲሚዴሌም ይህንኑ ብትል እናቷ የቀን መቁጠሪያውን ማንበብ ጀመሩ።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እመቤት ሞራዮ ከፋሲካ ወዲህ ያልለበሱትን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሰማያዊ የራስ ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው አስረው፣ ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ቆመው እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ስሙኝ! ኮፎ ቤት ልንሄድ ነው። ሰላም እንላለን፣ እንቀመጣለን፣ ኩለሩን ይዘን እንወጣለን። ማንም አንዲት ነገር አይቀምስም። የሲሚዴሌ አባት፣ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። ሲሚዴሌ፣ ፈገግ በዪ፤ ግን አታብዢው። ኢረቲ፣ ስልክሽ እዚሁ ይቀራል፤ አታጉረምርሚ። አቶ አዴያንጁ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ። የፍርድ ቤት ሰው ዝም ሲል ሰው ይፈራል።»

አዋጁም በተነገረ ጊዜ ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት እመቤት ሞራዮ፣ ሰላምታ ለማቅረብ ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ትልቅ ፓፓያ ይዘው፤ ከቀኛቸው አቶ ላዲፖ፣ የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት የቀድሞ ቀያሽ፣ ሰፊ ካባቸውን በሁለቱም ትከሻ ላይ እየመለሱ፤ ከግራቸው ሲሚዴሌ፣ በመጠኑ ፈገግ ብላ፤ ከኋላ ኢረቲ፣ ስልኳን ተቀምታ እንደታሰረ ሰው እየተጎተተች፤ በመጨረሻም እኔ፣ ጉልበቴ እየጮኸ። መንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ጎማ ጠጋኙን አለፍን፤ ከመንገዱ መካከል ያለውንና ዘንድሮ ዳክዬ የሚዋኝበትን ጉድጓድ ዞርን፤ የባቄላ አካራ የምትጠብሰዋን ሴት አለፍን፤ እሷም ጭልፋዋን አንሥታ፣ «እንዲህ ተሰልፋችሁ ወዴት ነው? ደህና ነው?» አለች። «ደህና ነው፤ ሰላም ልንል ነው» አሉ እመቤት ሞራዮ። ሴቲቱ ልብሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ አላመነችም።

ኮፎ በሩን ከፍታ አምስታችንን ባየች ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፤ ሰላም ልንልሽ ነው።»

«ሁላችሁም? ጸሐፊውም?»

«እሳቸውም ሰላም ሊሉሽ ነው» አሉ እመቤት ሞራዮ። እኔም እንደታዘዝሁ ዝም አልሁ፤ ኮፎም ፈራች።

ወደ ውስጥም ገባን። በሳሎኑና በጓሮው መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ የኮፎ አማት እማማ አቢኬ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ስምንት፣ የመንገዱን ሰው ግማሹን ስም ያወጡለት፣ ከስምንት ወር በፊት ወድቀው ጉልበታቸውን ከተጎዱ ወዲህ ከቤት ያልወጡ ናቸው። እንደ ሀገሩ ወግ ሴቶቹ ተንበርክከው፣ አቶ ላዲፖ ከነካባቸው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ እኔም እስከምችለው ጎንበስ ብዬ ሰላም አልናቸው። እማማ አቢኬም «ተነሡ፣ ተነሡ» አሉ፤ እኔን ያነሣችኝ ግን ሲሚዴሌ ነበረች።

ከዚህ በኋላ ከበባው ተጀመረ። እመቤት ሞራዮ ስለ ዝናቡ ተናገሩ። ኮፎ ስለ ዝናቡ መለሰች። አቶ ላዲፖ ክፍሉን እንደ ቀያሽ ከጥግ እስከ ጥግ በዓይናቸው ለኩ፤ ከቁም ሣጥኑ በላይ የለም፣ ከጠረጴዛው በታች የለም፣ በጓሮው የሚታየው ባልዲ ብቻ ነው። ኮፎ ላብ በላብ ሆና ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ ገና ከዘይት የወጣ፣ በስኳር የተነሰነሰ፣ ፓፍ-ፓፍ የሚባል ድቡልቡል የሊጥ ጥብስ በሰፊ ሳህን ሞልታ ይዛ መጣች፤ ሽታውም ቤቱን ሞላው።

«ኢረቲዬ፣ ብዪ እንጂ! አሁን የጠበስሁት ነው።»

የእመቤት ሞራዮ ቅንድብ በትንሹ ከፍ አለ።

«በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ኢረቲ፤ ሆዷ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ያንቺ ልጅ መቼም! አንድ ብቻ፤ ለእኔ ስትይ!» ብላ ኮፎ አንዱን በግድ እጇ ላይ አደረገችላት። ኢረቲ እናቷን አየች፤ ደነገጠች፤ ፓፍ-ፓፉም ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ እስከ እማማ አቢኬ እግር ድረስ ሄደ። ልታነሣው ተከትላው በጉልበቷ ሄደች፤ እማማ አቢኬ የተቀመጡበትን የሸፈነው አዲሬ ጨርቅ በአንድ በኩል ተገልጦ ነበርና፣ ከስሩ ሰማያዊ ነገር፣ በጎኑም ነጭ እጀታ አየች።

ኢረቲ ጩኸት አላሰማችም፤ የተማረች ልጅ ናት። ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ቦታዋ ተመልሳ እናቷን ትኩር ብላ አየች፤ አንዱን ቅንድቧን ወደ አሮጊቷ ላከች፤ ዓይኗን አጠበበች፤ ከዚያም የቀን መቁጠሪያውን ማንበብ ጀመረች። እመቤት ሞራዮም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ቋንቋ በሌላ ሰው ዓይን ሲነገራቸው ተረዱ። ቀና ብለው አዩ። ኩለሩን አዩት። አቶ ላዲፖም አዩት፤ በሦስተኛው ወር ከዚሁ ኩለር ፊት በደረታቸው ተኝተው ሰላም ብለው እንደነበረም ያኔ ገባቸው።

ጭንቁ ይህ ነው። ኩለሩ ቢቆለፍበት ቁልፍ ይፈለጋል፤ ቢሸሸግ ይበረበራል። የሰማንያ ስምንት ዓመት እናት ተቀምጠውበት ግን ማን በምን አፉ ተነሡልኝ ይላል? እማማ አቢኬን ከመቀመጫቸው ያስነሣ ሰው በዚህ ከተማ ሴት ልጁን መዳር አይደለም ዳቦ መግዛትም ይቸግረዋል። አቶ ላዲፖ ሳል ሳሉ። ሲሚዴሌ ፈገግታዋን ረስታ ከንፈሯን ነከሰች። ኮፎ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ከሳህኑ ላይ ስኳር እግሯ ላይ ሲረግፍ አላወቀችም።

በዚያን ጊዜ እመቤት ሞራዮ ተነሡ። ፓፓያውን ለአቶ ላዲፖ አስያዙ፤ ነጩን ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእማማ አቢኬ ፊት ተንበረከኩ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ዓይናቸውንም ሳይሰብሩ እንዲህ አሉ፦

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተቀመጡበት የእኔ ነው። ቅዳሜ ለልጄ እፈልገዋለሁ። እንዲመልሱልኝ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ጠየቁ። እኔ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ሲሚዴሌና ኢረቲም ሰሙ፤ ሁለቱም እናታቸውን ሌላ ሴት እንደሆኑ ያህል ያዩዋቸው ነበር።

ኮፎ ሳህኑን ጥላ ፊቷን ሸፈነች። «ወይኔ ጉዴ! ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ፤ ምድር ሥራ አላት» አሉ እማማ አቢኬ። ከዚያም ወደ እመቤት ሞራዮ ጎንበስ ብለው፣ «ሞራዮ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ የሲሚዴሌ እናት እያልሁ ብቻ ነው የማውቅሽ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከስሩ ተጽፏል፤ በቀይ። የተገለበጠ ቀን አይቼዋለሁ። የማን ነው ብዬ ይህችን ብጠይቃት ‹ይመለሳል› አለችኝ። እኔም ባለቤቱ እስኪመጣ ብዬ ተቀመጥሁ። ስምንት ወር! ምነው ልጄ፣ እግር የለሽም? አፍ የለሽም?»

«አፈርሁ፣ እማማ።»

«እሷም አፈረች። አንቺም አፈርሽ። እኔ በሁለታችሁ እፍረት ላይ ተቀምጬ ከረምሁ።»

ኮፎም እያለቀሰች ተናገረች። ከድግሱ ማግስት እማማ እንደወደቁ፣ ከዚያ ወዲህ ሶፋ ላይ ቢያስቀምጧቸው መነሣት እንዳልቻሉ፣ የፕላስቲክ ወንበር ቢያመጡ እንደተንሸራተተባቸው፣ አንድ ቀን ግን ልትመልሰው በር ላይ ያስቀመጠችው ኩለር ላይ ተቀምጠው «ይኼ ነው» እንዳሉ፣ ከእሱ ላይ ብቻ ያለ ሰው እርዳታ እንደሚነሡ። «ስንት ቀን ልነግርሽ መጣሁ፣ የሲሚዴሌ እናት። አጥሩ ጋ ስደርስ እግሬ ይያዛል። ዕቃሽን አሮጊት ተቀመጡበት ተብሎ ይነገራል? ምግብ የሚቀመጥበትን!»

«ታጥቦ እኮ ነው» አሉ እማማ አቢኬ፤ «እኔም እታጠባለሁ።» ቀጥለውም፣ «ቅዳሜ ምንድን ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«የሲሚዴሌ የትውውቅ ቀን ነው፤ የልጁ ቤተሰብ ከኢጄቡ ኦዴ ይመጣሉ።»

«እኔንስ ማን ጠራኝ?»

እመቤት ሞራዮ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ማንም! የዚህችን ልጅ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከወደቅሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ‹ተቀመጡ እማማ፣ አይነሡ እማማ› ይለኛል፤ ኑ ውጡ የሚለኝ የለም። ሠርግ በላዬ ያልፋል፤ ቀብር እንኳ በላዬ ያልፋል።» ከዚያም ትንሿን ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱና እንዲህ ብለው አወጁ፦ «እነሣለሁ። ግን ከኩለሩ ጋር እኔም እመጣለሁ። ጸሎቱንም እኔ ነኝ የማደርሰው። ይህ ካልሆነ እዚሁ ነኝ።»

«ጉልበትዎ እኮ፣ እማማ» አለች ኮፎ።

«ጉልበቴ የራሴ ነው። አልተዋስሁትም።»

እመቤት ሞራዮም እጃቸውን ይዘው፣ «ሳልጠራዎት በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ይመጣሉ፤ ከእኔ ጎን ይቀመጣሉ» አሉ።

አንድ ነገር ግን ቀረ፦ እስከ ቅዳሜም ከቅዳሜም በኋላ እማማ በምን ላይ ይቀመጣሉ? ይህን ጊዜ እኔ ዝምታዬን ሳልሰብር ከኪሴ ክር አውጥቼ የኩለሩን ከፍታ ለካሁ፤ ክሩንም ለቀያሹ ለአቶ ላዲፖ ሰጠሁ። አቶ ላዲፖ ክሩን አይተው ቀለማቸው ተለወጠ። ይህ ልክ በዓለም ላይ በአንድ ሌላ ቦታ ብቻ ይገኛልና፤ እሱም የእሳቸው ወንበር ነው። ወንበሩ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ የክንድ ማሳረፊያው ሰፊ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ የሚቆም ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ሚስታቸው አልተቀመጡበትም፤ ልጆቻቸው አልተቀመጡበትም፤ ወንድማቸው አንድ ጊዜ ሳያውቅ ተቀምጦ እስኪነሣ ድረስ አቶ ላዲፖ አጠገቡ ቆመው ጠበቁት። የቤቱ ሕግ በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

አቶ ላዲፖ ፓፓያውን ከአንድ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ክሩን እንደገና ለኩ፤ አላጠረም፤ አልረዘመም።

«ይምጣ» አሉ በመጨረሻ፤ ራሳቸውም ከሲሚዴሌ ጋር ሄደው ተሸክመውት መጡ፤ አካራ ጠባሿም ይህን አይታ እሳቷን ትታ ተከተለቻቸው። እማማ አቢኬ ተቀመጡበት። ተነሡ። እንደገና ተቀመጡ።

«ከፍታው ደህና ነው» አሉ። «መሐሉን እንዲህ ያጎደጎደው ማን ነው?»

አቶ ላዲፖ ጣሪያውን በዓይናቸው መለካት ጀመሩ።

ኩለሩም ነጻ ወጣ። ክዳኑ ሲከፈት ከውስጡ የእማማ አቢኬ ንብረት ተገኘ፦ የሟች ባላቸው ኮፍያ፣ ሁለት ፓኬት ብስኩት፣ አንድ የአዲስ ጨርቅ ጥቅል፣ በመጨረሻም ስምንት ወር ሙሉ የቤቱ ሰው ሁሉ የተነታረከበት የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ። ኮፎ እሱን ይዛ አማቷን አየች።

«ማንም አልጠየቀኝም» አሉ እማማ አቢኬ።

ሲሚዴሌ ኩለሩን ልትሸከም ብትነሣ ኮፎ ከለከለቻት። ጨርቋን ጠምጥማ ራሷ ላይ አድርጋ ኩለሩን ጫነች፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ በአካራ ጠባሿ ፊት፣ በጉድጓዱ ዳር፣ በጎማ ጠጋኙ ደጅ፣ ሁለት መቶውን እርምጃ ተሸክማ ሄደች። በእመቤት ሞራዮ ደረጃ ላይ ባወረዱት ጊዜም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወይዘሮ ኮፎ አንቱ ሆኑ፤ መዝገቡም ይህን ያረጋግጣል።

ሁለቱ ሴቶች በጓሮው ኩለሩን በሳሙና ያጥቡ ጀመር። እኔ በመስኮቴ አጠገብ ነበርሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ እመቤት ሞራዮ።

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ ወይዘሮ ኮፎ።

ሁለቱም ወደ ብሩሻቸው ተመለሱ። ከዚያም ሊያጥቡት ሲገለብጡት ቀዩ ጽሕፈት ወጣ፤ ወይዘሮ ኮፎ ብሩሻቸውን አራቁና በዙሪያው ብቻ በጣታቸው አጠቡ።

«የእናትሽ እጅ ነው?»

«የእሷ ነው።»

«ቆንጆ ጽሕፈት ነበራት» አሉ ወይዘሮ ኮፎ፤ እመቤት ሞራዮም እንባቸውን በሳሙና እጃቸው ጠርገው ዓይናቸው ተቃጠለ፤ ሁለቱም እየሳቁ ውኃ ፈለጉ።

ቅዳሜም ደረሰ። ስልሳ ሦስቱ መጡ፤ ሰባት ሳይጠሩ ተከተሉ። እማማ አቢኬ በባጃጅ መጡ፤ የአቶ ላዲፖ ወንበር በሌላ ባጃጅ ከኋላቸው መጣ፤ አቶ ላዲፖም በገዛ ሳሎናቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ወንበር ከሩቅ ያዩት ነበር። ሩዙ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ በኩለሩ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ኤኩንዳዮ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወረቀት አውጥተው፣ የሰርጉን ነገር በስድስት ነጥብ ሊናገሩ ተዘጋጁ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ጸሎት ይሁን ተባለ።

እማማ አቢኬ ቆመው ጸለዩ። ለሙሽራውና ለሙሽራይቱ ጸለዩ፤ ገና ላልተወለዱ ልጆቻቸው ለእያንዳንዳቸው ስም እየሰጡ ጸለዩ፤ ለኢጄቡ መንገድ፣ ለባጃጁ ሾፌር፣ ለሙታን፣ ለጉልበታቸው ጸለዩ፤ ስለ ትራንስፎርመሩ በጸለዩ ጊዜ «አሜን» የሚለው ድምፅ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። ጸሎቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆነ። ሲሚዴሌ ወደ ኩለሩ እያየች ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር፤ ወይዘሮ ኤኩንዳዮም ሰዓታቸውን አይተው ቀዝቃዛ ሩዝ እንደሚጠብቃቸው በፊታቸው አስታወቁ።

ከዚያም ክዳኑ ተነሣ፤ እንፋሎቱ የእመቤት ሞራዮን መነጽር ሸፈነው። የመጀመሪያው ሳህን ለወይዘሮ ኤኩንዳዮ ቀረበ። እሳቸውም ቀዝቅዟል ብለው አምነው ነበርና ሳይነፉ፣ ሳይጠነቀቁ፣ በሙሉ ማንኪያ ጎረሱ። ዓይናቸው ፈጠጠ። እጃቸውን አውለበለቡ። ውኃ ተሰጣቸው። ምላሳቸው ተቃጠለ።

ቁስሉ ቀላል ነበር፤ እመቤት ሞራዮ በሙያቸው አይተው አረጋግጠዋል። ነገር ግን ወይዘሮ ኤኩንዳዮ በዚያ ከሰዓት ረጅም ነገር መናገር አልቻሉም፤ ስድስቱም ነጥቦች ቦርሳቸው ውስጥ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ፣ ሰርጉ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ በእኛው በአቤኦኩታ ይሁን ወይ ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለተኛው ሳህን ላይ ቀስ ብለው እየነፉ፣ «ትኩስ ነው» አሉ፤ ከአፋቸው የወጣውም ይህ ብቻ ነበር፤ ምስጋና እንደሆነ ሁሉም ተስማማ።

እንግዲህ ክብር ለእመቤት ሞራዮ ይሁን፤ በሰው ፊት ተንበርክከው የራሳቸውን ለጠየቁ፣ ሲጠይቁ ላልተቆጡ፣ ሲሰጣቸው ላልኮሩ፣ በአንድ ሐሙስ ዕለት ኩለራቸውንም ባልንጀራቸውንም ይዘው ወደ ቤታቸው ለተመለሱ! እኔ በፍርድ ቤት በኖርሁበት ሠላሳ ዓመት ስለ ድስት፣ ስለ ጄኔሬተር፣ ስለ መሰላል የተካሰሱ ጎረቤቶችን መዝግቤአለሁ፤ ዕቃቸውን ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው። ሁለቱንም ይዘው የወጡ ግን በመዝገቤ ያለፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።